ሦስተኛዋ ካንዴላ አልወጣ አለችኝ

ጤና ይስጥልኝ። የመኪናዬን 4 ካንዴላዎች (ሞተሩ ውስጥ ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥሉትን) ራሴ ልቀይር ብዬ ጠዋት ጀመርኩ። የግማሽ ሰዓት ሥራ መስሎኝ ነበር። ሁለቱ በቀላሉ ወጡ። ሦስተኛዋ ግን ግማሽ ዙር ከዞረች በኋላ ሲጢጥ ብላ ተጣበቀች። ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ጠብቄያለሁ፤ የዝገት ማላቀቂያ ዘይትም ረጭቼ አንድ ሰዓት ተውኳት። መልሼ ሳጠብቃት ትንሽ ትላላለች፤ ስፈታት ግን እዚያው ስትደርስ ቀጥ ትላለች። ቴስታታው (ካንዴላዋ የምትታሰርበት የሞተሩ የላይኛው ክፍል) አሉሚኒየም ነው። ጥርሱ እንዳይበላ፣ ካንዴላዋም ውስጥ እንዳትሰበርብኝ በጣም ፈርቻለሁ። መፍቻው ላይ ቧንቧ ሰክቼ ልግፋው? ወይስ ዘይቱን ላሳድርባት? ሞተሩን ትንሽ ማሞቅ ይረዳል የሚሉም አሉ። ሞክራችሁ የተሳካላችሁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ፤ መኪናዋ ነገ ጠዋት ታስፈልገኛለች።