ከሶፊያ ወደ ቦሮቬትስ በበረዶ መንገድ፦ ከጓደኛዬ ጋር ስለሄድንበት የቆየ ጉዞ የቀረበ ጥያቄ

የጣና ዳር ጡረተኛ (ባሕር ዳር)፦

ጤና ይስጥልኝ። በ1970ዎቹ ቡልጋሪያ የተማራችሁ፣ ወይም የዚያን አገር መንገድና የአየር ጠባይ የምታውቁ ወንድሞችና እኅቶች እንድትረዱኝ ጉዳዬን ዘርዘር አድርጌ አቀርባለሁ።

ከአንድ የልብ ጓደኛዬ ጋር ባሕር ዳር አብረን ካደግን በኋላ የነፃ ትምህርት ዕድል ደርሶን ሶፊያም አብረን ተማርን። በእኛ አቆጣጠር በ1970ዎቹ አጋማሽ፣ በብርዱ ወራት፣ አንድ ቡልጋሪያዊ የክፍል ጓደኛችን የአባቱን ላዳ ተውሶ ሦስታችን ስኪ ለመንሸራተት ወደ ቦሮቬትስ ተጓዝን። ጓደኛዬ ዛሬም እዚሁ ከተማ ነው፤ እሁድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ሐይቁ ዳር ዋርካ ሥር ቁጭ ብለን ቡና ስንጠጣ የዚያ ጉዞ ወሬ ሳይነሣ አይቀርም። በቅርቡ ብርድ አገር የሚኖረው የበኩር ልጁ የራሱን ልጆች ስኪ ማስተማር ሲጀምር፣ የሚያነብላቸው ነገር እንዲኖረው የአያታቸውን ታሪክ እንድጽፍለት ለመነኝ። አደራው ደስ አሰኝቶኛል፤ ከብዶኛልም። ለልጅ ልጅ የሚተላለፍ ነገር እውነቱ የጠራ መሆን አለበት ብዬ ስለማምን፣ እኔና ጓደኛዬ የተለያየንባቸውን ነገሮች ለእናንተ ማቅረብ ግድ ሆነብኝ።

የምንስማማበት ብዙ ነው። ጎህ ሳይቀድ ተነሥተን ስኪዎቹን ፖርቶ መጋላው ላይ በገመድ ጠፍረን አሰርናቸው። ትንፋሻችን በፊተኛው መስተዋት ላይ በውስጥ በኩል እየረጋ በረዶ ስለሚሠራ፣ ከሾፌሩ ጎን የተቀመጥኩት እኔ በማበጠሪያ ጀርባ እየፋቅሁ መንገዱን እከፍትለት ነበር። መኪናው ውስጥ የእርጥብ ሱፍና የቤንዚን ሽታ ተቀላቅሎ ይሸት ነበር፤ ያ ሽታ ዛሬም የትም ቢገጥመኝ ያንን ጠዋት ያመጣብኛል። ቦሮቬትስ ደርሰን የተከራየነውን ጫማ ስናጠልቅ የማሰሪያው ብረት በጓንቲ አልያዝ ቢለው ጓደኛዬ ጓንቲውን አውልቆ በባዶ እጁ ጨበጠውና የጣቱ ቆዳ ከብረቱ ጋር ተጣበቀ፤ ቡልጋሪያዊው ጓደኛችን በትንፋሹ እፍ እያለ በቀስታ አላቀቀለት። ከዚያ በኋላ ግን እኔ የወደቅሁትን ያህል እሱ አልወደቀም። በእናቱ የዘጌ ሰው ነውና በልጅነቱ ታንኳ ላይ ቆሞ መቅዘፍ ለምዶ ነበር፤ «ጉልበትህን ለቀቅ አድርግ፣ ታንኳ ላይ እንዳለህ ቁጠረው!» እያለ ሲጮህልኝ ድምፁ እስከ ዛሬ ይሰማኛል።

የማንስማማው በዚህ ነው። እሱ በመንገዱ ላይ ሰፊ ሐይቅ፣ ዳር ዳሩን በረዶ ይዞት አየን ይላል፤ እኔ ከሶፊያ ከወጣን ጀምሮ በግራም በቀኝም ከጉም በቀር ያየሁት የለም። እሱ ቀኑ ፀሐይ ነበር፣ ፊታችን እስኪጠቁር ተቃጠልን ይላል፤ እኔ የማስታውሰው አጥንት ሰርስሮ የሚገባውን ቅዝቃዜ ነው። ሳሞኮቭ ከተማ ላይ ቆመን የድንች ጆንያ መኪናው ኋላ ጫንን፤ እኔ ለቤተሰቡ የገዛው ነው ስል እሱ መኪናው እንዳይንሸራተት የተጫነ ነው ይለኛል። ደግሞም ቁልቁለቱን መጀመሪያ የወረደው ማን እንደሆነ አልተስማማንም፤ ይህን እናንተ ልታውቁልን አትችሉም፤ የቀረውን ግን የሚያውቅ አይጠፋም። ወሩንም ለይቼ ባውቅ ደስ ይለኛል።


የሶፊያ ተመራቂ (ጎንደር)፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ያንን መንገድ መልሰው አስኬዱኝ። እኔም በዚያው ዘመን ሶፊያ ስለተማርኩና በዚያ መንገድ በአውቶቡስ ስለተመላለስኩ የማውቀውን ልንገርዎ።

ስለ ሐይቁ ጓደኛዎ ትክክል ናቸው። ከሶፊያ እስከ ቦሮቬትስ ያለው ርቀት 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ መንገዱ ከከተማው በደቡብ ምሥራቅ ወጥቶ የኢስከርን ወንዝ ወደ ላይ ይከተላል። መጀመሪያ ትንሹ የፓንቻሬቮ ሐይቅ ይገኛል፤ ቀጥሎ የኢስከር ግድብ የፈጠረው ትልቁ ሐይቅ ይመጣል። ግድቡ እንደ ጣና የተፈጥሮ ውኃ አይደለም፤ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1950ዎቹ የተሠራ ነው፤ ለሶፊያ ከተማ የመጠጥ ውኃ የሚሰጠውም እሱ ነው። ብርዱ ሲበረታ ዳር ዳሩ በረዶ እንደሚይዝ በዓይኔ አይቻለሁ። እርስዎ አላየሁም ማለትዎም አይገርመኝም፤ ጠዋት ጉም ሲወርድ ከመንገዱ ጠርዝ ላይ ያለው ዛፍ እንኳ አይታይም። ምናልባት ጓደኛዎ ያዩት ስትመለሱ ይሆናል፤ ከሰዓት በኋላ ከላይ ወደ ታች ሲወርዱ ውኃው ፊት ለፊት ገልጦ ይታያል።

ድንቹን በተመለከተ ሁለታችሁንም ማስታረቅ ይቻላል። ሳሞኮቭ በድንቹ የታወቀ ከተማ ነው፤ የሶፊያ ሰዎች በዚያ ሲያልፉ ጆንያ ሙሉ ሲገዙ አይቻለሁ። ነገር ግን የዚያን ጊዜ ላዳ ሞተሩ ከፊት ሆኖ መኪናውን የሚገፋው የኋላ ጎማ ነው፤ አዲስ አበባ በላዳ ታክሲ የሠራ ሾፌር ሁሉ ይህን ያውቀዋል። ኋላው ባዶ ከሆነ ጎማው መሬቱን አጥብቆ አይይዝም፤ በረዷማ ዳገት ላይ በቦታው እየዞረ በረዶውን ይፈጨዋል፣ ከዚያም ጎኑን አዙሮ ወደ ጠርዝ ይሄዳል። ከሳሞኮቭ እስከ ቦሮቬትስ ያለው 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ደግሞ በጥድ ደን ውስጥ የሚወጣ ዳገት ስለሆነ፣ አስተዋይ ሾፌር አሸዋም ሆነ ድንች ኋላው ላይ ሳይጭን አይወጣውም ነበር። ስለዚህ ያ ልጅ እናቱንም መኪናውንም በአንድ ጆንያ አስቦ ሊሆን ይችላል።

ለመሆኑ ሳሞኮቭ ላይ የጨጓራ ሾርባ አልበላችሁም? በነጭ ሽንኩርት፣ በኮምጣጤና በሚጥሚጣ የሚበላውን ማለቴ ነው። ለእኛ ለአበሾች ከዚያ አገር ምግብ ሁሉ ለአፋችን የቀረበው እሱ ነበር።


የጂኦግራፊ መምህር (ባሕር ዳር)፦

ቡልጋሪያን አላየሁም፤ የጉሙንና የፀሐዩን ነገር ግን ትምህርቴ ስለሆነ ላስረዳ።

ሶፊያ 550 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ዙሪያዋን በተራራ በተከበበ ሜዳ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ከጎኗ ያለው የቪቶሻ ተራራ ብቻ 2,290 ሜትር ይደርሳል። በብርዱ ወራት ነፋስ በማይኖርበት ጊዜ ቀዝቃዛው አየር ከባድ ስለሆነ ከየተራራው ወርዶ ሜዳው ላይ ይተኛል፤ ሞቅ ያለው አየር ከላይ ሆኖ እንደ ክዳን ስለሚገጥመው እርጥበቱ ከታች ታፍኖ ጉም ይሆናል። ስለዚህ ሜዳው ላይ ያለ ሰው ቀኑን ሙሉ በጉምና በብርድ ሲንቀጠቀጥ፣ ከጉሙ በላይ የወጣ ሰው ጥርት ያለ ሰማይና ፀሐይ ያገኛል። ቦሮቬትስ 1,350 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ፣ ጠዋት ከጉሙ ውስጥ ተነሥታችሁ ቀትር ላይ ከጉሙ በላይ ነበራችሁ ማለት ነው። እርስዎ የመንገዱን፣ ጓደኛዎ የተራራውን እያስታወሳችሁ ነው እንጂ የተቃረናችሁበት ነገር የለም። ፊታችሁ የጠቆረውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ አዲስ የወረደ በረዶ ካረፈበት የፀሐይ ብርሃን ከአሥሩ ስምንቱን ያህል ወደ ላይ መልሶ ስለሚያንጸባርቅ ሰውየው ከላይም ከታችም ይቃጠላል።

ለልጅ ልጆቹ የሚጽፉት ከሆነ ይህንንም ቢጨምሩበት ደስ ይለኛል። የጣና ውኃ ገጽ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ እናንተ ስኪ ልትንሸራተቱ የሄዳችሁበት ቦሮቬትስ አሁን ቡና ከምትጠጡበት ዋርካ ከ400 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ነው! ተማሪዎቼ ብርድ ከከፍታ ብቻ የሚመጣ ስለሚመስላቸው ይህን ስነግራቸው ይደነቃሉ። ልዩነቱን የሚያመጣው ከምድር ወገብ ያለው ርቀት ነው፤ ባሕር ዳር ከ11 እስከ 12 ዲግሪ ሰሜን መካከል ስትሆን ቦሮቬትስ 42 ዲግሪ ላይ ይገኛል። በታኅሣሥ አጋማሽ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ በእኛ ሰማይ 55 ዲግሪ ያህል ከፍ ስትል፣ በእነሱ ሰማይ ከ25 ዲግሪ አትበልጥም፤ ቀኑም አጭር ነው። በዚያ አግድም በምትወርድ ፀሐይ መሬቱ ስለማይሞቅ የወረደው በረዶ ወራት ይቆያል። ከቦሮቬትስ በላይ ያለው ሙሳላ 2,925 ሜትር ሆኖ የባልካን አገሮች ሁሉ ከፍተኛው ተራራ ነው፤ ከ4,500 ሜትር በላይ ከሆነው ከእኛው ራስ ዳሸን ጋር ሲተያይ ግን ዝቅ ያለ ነው፤ ቢሆንም ለወራት በረዶ የሚለብሰው እሱ ነው።


የፔዳ ልጅ (ባሕር ዳር)፦

ጋሼ፣ እንደምን አሉ? ጽሑፍዎን ለእናቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት፤ ሁለታችንም በጣም ወደድነው። እኔ ቦታውን አላውቀውም፤ አያቴ ከማረፉ በፊት ታሪኩን በስልኬ ቀድቼ የጻፍኩ ስለሆንኩ ስለ አጻጻፉ ትንሽ ልበል።

ማን ቀድሞ እንደወረደ አንዱን መርጠው አይጻፉ። የእርስዎን በእርስዎ ቃል፣ የጓደኛዎን በእሳቸው አንደበት ጎን ለጎን ያስቀምጡት፤ የልጅ ልጆቻቸው የአያታቸውን አነጋገር የሚያገኙት እዚያ ላይ ነው። ጓደኛዎን ሲጠይቁም «በስንት ዓመተ ምሕረት ነበር?» ከማለት «ምን በላችሁ? ምን ለበሳችሁ? ገንዘቡን ማን ከፈለ?» ቢሏቸው ብዙ ያገኛሉ፤ አያቴ ዓመቱን ሁሉ አምታቶ የበላውን ግን አንድም አልሳተም ነበር። ወሩን ለማወቅም ከላይ የተጠየቀውን የሾርባ ጥያቄ ይዘው ይሂዱ፤ የጾም ሰሞን ከነበረ የበላና ያልበላ ይለያልና።

አንድ ነገር ደግሞ ልጆቹን ደስ ያሰኛቸዋል። በፈረንጆች 2006 ጣሊያን ቱሪን ላይ በተደረገው የክረምት ኦሎምፒክ ሮቤል ተክለማርያም በአገር አቋራጭ ስኪ ኢትዮጵያን ወክሎ ተወዳድሯል፤ ለኢትዮጵያ በክረምት ኦሎምፒክ የመጀመሪያዋ ነበር፤ በ2010 ቫንኩቨር ላይም ተመልሶ ተሰልፏል። አያታቸው ከእሱ ሃያ ዓመት ያህል ቀድመው ስኪ ላይ መቆማቸውን ያንብቡት።


የጣና ዳር ጡረተኛ (ባሕር ዳር)፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። መልሳችሁን በወረቀት አስወጥቼ እሁድ ለጓደኛዬ አነበብኩለት።

ሐይቁን ያየው በእርግጥ ስንመለስ ነው። በመልሱ ጉዞ ቦታ ተቀያይረን እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ከጆንያው ጋር ተጋፍቼ እንቅልፍ ወስዶኝ እንደነበር አስታወሰኝ፤ ውኃውን ባየ ጊዜ ሊቀሰቅሰኝ አስቦ ደክሞኛልና ተወኝ። የመምህሩን የጣና ከፍታ ስነግረው ግን አላመነም፤ ሁለት ጊዜ አስደገመኝ፣ ከዚያም ስልኩን አውጥቶ እዚያው ለልጁ ደወለለት።

ልጄ፣ የሾርባው ጥያቄሽ ወሩን አገኘው። ሳሞኮቭ ላይ ሾርባውን እኔና ቡልጋሪያዊው በልተናል፤ ጓደኛዬ ግን ጾመ ነቢያት ነውና አልበላም ብሎ ዳቦና ኮምጣጤ የገባበት ጎመን ብቻ እንደበላ፣ አስተናጋጇም ታሟል ብላ አዝና ሻይ በነፃ እንዳመጣችለት አንድ በአንድ ነገረኝ። በባዕድ አገር፣ በዚያ ብርድ፣ ማንም ሳያየው ጾሙን መጠበቁን ልጆቹ እንዲያውቁለት እፈልጋለሁ። እንግዲህ ጉዞው ከኅዳር 15 በኋላ፣ ከገና በፊት ነበር፤ በረዶው በደንብ ከያዘበት ጊዜ ጋር ሲገናዘብ የታኅሣሥ አጋማሽ ነው ብለን ተስማምተናል።

ቁልቁለቱን ቀድሞ የወረደው ማን እንደሆነ አሁንም አልተስማማንም፤ እንደ ምክርሽ ሁለቱንም እጽፋለሁ። የእሱን ቃል በሚመጣው እሁድ በስልክ እቀዳዋለሁ። የሶፊያው ተመራቂ ወንድሜ፣ በዚያ ዘመን ቦሮቬትስ ላይ የተነሣ ፎቶግራፍ በእጅዎ ካለ ለመጽሐፉ እንድጠቀምበት ቢፈቅዱልኝ ውለታዎን አልረሳም፤ እኛ ያን ቀን ካሜራ አልያዝንም ነበር።