የሀዩንዳይ ሰውዬ ቀን፦ ፕሮፖዛሉ ሐሙስ መግባት አለበት

ፀሐፊ፦
ሐሙስ የመጨረሻ ቀን ነው። ድጋፍ ሰጪዎቹ ግማሹን ወጪ የሚሸፍኑልን በሰዓቱ ካስገባን ብቻ ነው፣ አምና እንዴት እንዳመለጠን አልደግመውም። ሐሳቡ ያው የተስማማንበት ነው፣ ለብየዳ ሰልጣኞች የአንድ ቀን ፕሮግራም ኮምቦልቻ ላይ፣ ጠዋት የቹንግ ጁ-ዩንግ ታሪክ በፎቶ፣ ከሰዓት የብየዳ ውድድር፣ ለሦስት አሸናፊ መሣሪያ። ሰውዬው ሀዩንዳይን የመሠረተው ኮሪያዊ ነው (የሱ ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)። በፈረንጆቹ 1915 ከገበሬ ቤት ተወልዶ ከአንደኛ ደረጃ ያላለፈ፣ አንድ መርከብ ሳይሠራ መርከብ እሠራለሁ ብሎ የሠራ፣ ከዛ የአገሩን የኢንዱስትሪ ባለቤቶች ማህበር ከ1977 እስከ 1987 የመራ፣ ኦሎምፒኩ ሴኡል እንዲሆን ያስተባበረ። ከየአባሉ 1,500 ብር። ጽሑፉን አንብባችሁ ዛሬ ማታ አስተያየት ስጡ።

በያጁ ከበርበሬ ወንዝ፦
ጥሩ ነው ግን የመርከቡ ነገር በጣም አጠረ፣ ዋናው እሱ እኮ ነው። ለንደን ብድር ፍለጋ ሲሄድ በእጁ ያለው የባዶ ባህር ዳርቻ ፎቶ ነው፣ ክሬን የለ ምን የለ። አይሆንም ሲሉት ከኪሱ 500 ዎን (የኮሪያ ገንዘብ) አውጥቶ ብሩ ላይ የተሳለችውን የኤሊ መርከብ አሳያቸው፣ እኛ በ1500ዎቹ ብረት የለበሰ መርከብ ሠርተናል ብሎ። ከዛ ደግሞ ገዢ አምጣ ተባለ፣ ሊቫኖስ የሚባል ግሪክ እያንዳንዳቸው 260 ሺህ ቶን የሚጭኑ ሁለት መርከቦች አዘዘው። መሥሪያ ቦታውና መርከቦቹ እኩል ነው የተሠሩት፣ 1972 ቁፋሮው ተጀምሮ 1974 ተመረቀ፣ ማለትም ቤቱ ሳያልቅ ውስጡ ላሜራ ይበየድ ነበር። ልጆቹ ይሄን ይስሙ። ፕሮጀክተር እኔ አመጣለሁ።

ሀጂ፦
አንቀጽ ሁለት ላይ "የአባቱን ላም ሸጦ ወደ ሴኡል ጠፋ" ይላል። ይሄ ይውጣ። ካልወጣ የኔን 1,500 አትቁጠሩት።

ፀሐፊ፦
ሀጂ የታሪኩ መነሻ እኮ እሱ ነው። አራት ጊዜ ነው ከቤት የጠፋው፣ ይሄ ሦስተኛው ነው።

ሀጂ፦
መነሻው ሌብነት ከሆነ ለልጆቹ ምን ብዬ ላስረዳ ነው? የማስተምራቸው ልጆች 17 እና 18 ዓመታቸው ነው፣ ግማሾቹ ከወረባቦና ከተሁለደሬ ገጠር የመጡ ናቸው፣ አባቶቻቸው ፍየል ሸጠው ነው የቤት ኪራይ የሚልኩላቸው። እኔ በ77 አባቴ የመጨረሻ በሬውን ሀይቅ ገበያ ነድቶ ሲሄድ አይቻለሁ። በስንት እንደሸጠው እስኪሞት አልነገረንም። ከመጣ በኋላ ባዶውን በረት እየዞረ ይጠርግ ነበር፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ። እና ላም ሸጦ ጠፋ ብላችሁ ባነር ላይ አትጻፉብኝ።

የፒያሳ ጋራዥ፦
ሀጂ ልክ ነዎት ግን መጀመሪያ ስህተቱ ይታረም። ላሟን ልጁ አልሸጣትም። የሸጣት አባትየው ነው፣ ልጁ ያነሳው ቤት የተቀመጠውን የሽያጩን ብር ነው፣ 70 ዎን።

በያጁ ከበርበሬ ወንዝ፦
እና ምን ለውጥ አለው

የፒያሳ ጋራዥ፦
በጣም አለው እንጂ! ላም ነድቶ መሸጥና የተቀመጠ ብር ማንሳት አንድ ነው እንዴ? ፕሮፖዛሉ ላይ የማህበራችን ማህተም ነው ያለው፣ ውሸት ገብቶበት ሲገኝ የምንዋረደው ሁላችንም ነን፣ ያለፈው የድንኳን ደረሰኝ ነገር ገና አልተረሳም።

ሀጂ፦
ብሩን ማንሳቱ ይብሳል። ላም ቢነዳ መንገድ ላይ ሰው ያየዋል፣ የት ነው የምትወስዳት ብሎ ይጠይቀዋል። ብሩን ያነሳው አባቱ አምኖት በተኛበት ቤት ነው።

አዲስ አባል፦
ሀጂ፣ ሰውዬው መልሷል እኮ! በ1998 በ82 ዓመቱ የሁለቱን ኮሪያ ድንበር ከብት በጭነት መኪና አሰልፎ ነው የተሻገረው፣ ሰኔ ላይ 500 ጥቅምት ላይ 501፣ በድምሩ 1,001 ወደ ተወለደበት ሰሜን ኮሪያ። አንዷ የአባቱ ናት ብዬ ነው የማስበው። ከብቶቹ ያደጉት ደግሞ ራሱ ባህር ገድቦ ባወጣው መሬት ላይ ነው፣ በ1984 የመጨረሻውን ክፍተት ውሃው ድንጋዩን እየጠረገ ሲያስቸግራቸው 322 ሜትር የሚረዝም አሮጌ የነዳጅ መርከብ አምጥቶ ገትሮበት ነው የዘጋው። ላሟን ካወጣን 1,001ዱም ትርጉም የለውም።

ሀጂ፦
ልጄ፣ ለአባቱ አልደረሰም። እሱ 82 ከሆነው አባትየው የት ደርሷል? ሰሜን ኮሪያ መውሰዱ መልካም ነው፣ ለአባቱ ግን አልደረሰም።

የፒያሳ ጋራዥ፦
ይሄ ሁሉ ክርክር የመጣው ኮምቦልቻ ያሉት ብቻ ጽፈው ስለላኩት ነው። ፕሮግራሙ ደሴ ይሁን፣ አዳራሽም አለ ሰውም ይበዛል።

በያጁ ከበርበሬ ወንዝ፦
ጀመረህ ደግሞ! ማሽኑን ሁሉ ጭነን የሐረጎን ዳገት እንውጣልህ? ሁልጊዜ ሥራው እዚህ ፎቶው እዛ። ባለፈውም ስማችን ሳይጠራ ነው የቀረው እናውቃለን።

የፒያሳ ጋራዥ፦
ስም ፍለጋ ከሆነ ብራችንን መልሱ። ከደሴ አምስት ሰው ከፍሏል።

ላሜራ ሻጯ፦
አንተም ተው አንተም ተው። ከትናንት ማታ ጀምሮ ስለ ላም ነው የማነበው፣ ቃጠሎውን አንድ ሰው አላነሳም። ይሄ ሰው በ1940 ተበድሮ የመኪና ጥገና ከፈተ፣ ወር ሳይሞላ ተቃጠለ፣ የደንበኛ መኪና ሁሉ ነደደ። የት ሄደ? ያው መጀመሪያ ያበደረው ሰውዬ ጋ ተመልሶ፣ አሁን ብተወው ያንተም ብር አብሮ ይቀራል፣ እንድከፍልህ ደግመህ አበድረኝ አለው፣ አበደረው። እኔ በኛ 2014 ኅዳር መጨረሻ ሱቄን ስከፍት መደርደሪያው ራሱ ተነቅሎ ነበር። አንድ ቱቦላሬ አልቀረልኝም። የቀድሞ ዕዳዬን ሳልከፍል ደግሞ በዱቤ ላሜራ የጫነልኝ ሰው ባይኖር ዛሬ እዚህ አልጽፍም ነበር። እዚህ ካላችሁት ስንቶቻችሁ ናችሁ እንደዛ የተነሳችሁት? ልጆቹ የሚያስፈልጋቸው ይሄ ነው።

በያጁ ከበርበሬ ወንዝ፦
እውነት ነው እትዬ። እኔንም ያነሳኝ በዱቤ የተሰጠኝ ኤሌክትሮድ ነው።

የፒያሳ ጋራዥ፦
አውፍ በሉኝ ተናድጄ ነው። ኮምቦልቻ ይሁን። ግን የላሟ ዓረፍተ ነገር ይስተካከል።

ሌላ አባል፦
በ1987 ኡልሳን ላይ ሠራተኞቹ ያንን ሁሉ አድማ የመቱት ለምንድነው? እሱም ይግባ፣ ሰልጣኞቹ ነገ ተቀጣሪ ናቸው።

ፀሐፊ፦
አንድ መስመር አስገባዋለሁ። በ1992 ለፕሬዝዳንትነት ተወዳድሮ ሦስተኛ መውጣቱንም እንደዛው። ላሟን ግን ወስኑልኝ፣ ነገ ረቡዕ ነው።

ሀጂ፦
ሌሊት አስቤበታለሁ። ይግባ፣ ግን አባቶቹ ባሉበት ይነገር። ልጆቹን ብቻ ሰብስባችሁ አትንገሯቸው። አባትየው ሴኡል ድረስ ፈልጎት ሄዶ እንዳገኘውና ይዞት እንደተመለሰም ይጻፍ፣ እሱን ዘላችሁታል። ከየገጠሩ አባቶች ይጠሩ፣ ማን ምን ሸጦ ልጁን እንደላከ እነሱም ይናገሩ።

አዲስ አባል፦
ይሄ በጣም ጥሩ ነው። እናቶችም።

ገንዘብ ያዥ፦
ጥሩ ነው ግን ማን ይከፍላል? 60 ሰልጣኝ ብለን ነው ያሰላነው። ወላጅ ከተጨመረ ምሳና ትራንስፖርት የሽልማቱን ብር ይበላዋል። እስካሁን የከፈለው 11 ሰው ነው፣ የሀጂ ሲገባ 12።

ላሜራ ሻጯ፦
እንግዲያው ውድድሩ ይቅር። ለሦስት ልጅ ግራይንደር ከምንሸልም የተረፈው ብር ይቀመጥና ለሚመረቁት መሣሪያ መነሻ በብድር ይሰጥ፣ ሠርተው ይመልሱ ለሚቀጥለው ይተላለፍ። ላሜራውን እኔ በመጣበት ዋጋ እሰጣለሁ።

ሀጂ፦
ወለድ ከሌለው እኔ 1,500ውን እጥፍ አደርጋለሁ።

በያጁ ከበርበሬ ወንዝ፦
ውድድሩ ከቀረ ብየዳ የት አለ? ልጆቼን ሁለት ወር ያለማመድኳቸው ለዚህ ነው እኮ።

ገንዘብ ያዥ፦
ብድር ከሆነ መተዳደሪያ ደንብ ያስፈልገዋል፣ ዋስ ያስፈልገዋል። በነገ ቀን አይጻፍም።

ፀሐፊ፦
ርዕሱን "የወላጆችና የሰልጣኞች ቀን፣ የመሣሪያ መነሻ ብድር" ብዬ እየቀየርኩት ነው። የቹንግ ታሪክ ገጽ ሦስት ላይ ነው አሁን፣ ላሟ በፒያሳው እርማት፣ አባትየው በሀጂው፣ ቃጠሎው ሙሉውን። የመርከቡ አንድ ገጽ ሆኗል፣ ከዛ በላይ ቦታ የለኝም። ውድድሩን በግማሽ ሰዓት ማሳያ ተክቼዋለሁ። የፕሮጀክተሩን ሞዴል ላክልኝ፣ በጀቱ ላይ መጻፍ አለበት።

ፀሐፊ፦
በርበሬ ወንዝ? ፕሮጀክተሩ?

ፀሐፊ፦
ስልኩ አይነሳም። ከናንተ መሃል ያገኘው አለ?

የፒያሳ ጋራዥ፦
እዚህ ደሴ የማውቀው ልጅ አለ ግን ኪራይ ነው። እስከ ማታ እጠይቀዋለሁ።

ገንዘብ ያዥ፦
የኪራዩን ደረሰኝ መጀመሪያ ንገሩኝ። ማህተሙ ሀጂ ጋ ነው ያለው፣ ጠዋት 2 ሰዓት ማን ይወስዳል?