ደሴ ፒያሳ ያለ የድሮ ፎቅ፦ የሲሚንቶ ልስኑ እየተነፋ ይወድቃል፣ ከየት ይጀመር?

ከሸዋ_በር፦
ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ፒያሳ አካባቢ ያለ ባለ አንድ ፎቅ ቤት ነው። ታች ሁለት ሱቅ፣ ድንጋይ በጭቃ የተገነባ፣ ግድግዳው 60 ሴንቲ ውፍረት አለው። ላዩ እንጨትና ጭቃ፣ ፊት ለፊቱ የእንጨት በረንዳ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ። ውጪው ከጥቂት ዓመት በፊት በሙሉ በሲሚንቶ ተለስኖ ነበር፤ አሁን ከመሬት እስከ ወገብ ድረስ እየተነፋ ይወድቃል፣ ከሥሩ ነጭ ጨው ይወጣል። ከበረንዳው ቋሚዎች ሁለቱ እግራቸው ለስልሷል። ቤቱ የቀበሌ ነው፣ ተከራዮቹ አዋጥተን እናድስ ብለዋል። አንድ ግንበኛ «ነቅለን በጥሩ ሲሚንቶ እንለስነው፣ ይበቃል» ይላል። ትክክል ነው? የኮሪደር ልማቱ ሳይደርስስ ምን መቅደም አለበት?

ቱንቢ፦
አብሽር ወንድም ዓለም፣ ቤቱ ገና አልሞተም። በሲሚንቶ ከደገማችሁት ግን ትገድሉታላችሁ።

ድንጋይ በጭቃ የሆነ ግድግዳ ከመሬት እርጥበት ይስባል፣ በፊቱ በኩል ደግሞ ያደርቀዋል። ሲሚንቶው ያን መውጫ ሲዘጋው ውሃው ወደ ላይ ይሄዳል፤ ጨው ከልስኑ ጀርባ ተጠራቅሞ ገፍቶ ይጥለዋል። የተነፋው የልስኑ ጥራት ስላነሰ አይደለም፣ እንዲያውም ጠንካራው ልስን የባሰ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ውሃው። ፒያሳ ላይ አስፋልቱና ንጣፉ በየጊዜው እየተደረበ መንገዱ ከሱቁ ወለል በላይ የሆነበት ቤት ብዙ ነው። ውሃ ልክ ይዛችሁ ለኩ። መንገዱ ከፍ ካለ ግድግዳው ሥር ከ30 እስከ 40 ሴንቲ ስፋት ያለው ቦይ ቆፍሩ፣ ግን ከመሠረቱ በታች እንዳትወርዱ። በአንድ ጊዜም ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ አትክፈቱ፤ በጭቃ የተያያዘ መሠረት ጎኑ ሲራቆት ይንሸራተታል። ጠጠር ሙሉበትና ላዩን በሜትር 2 ሴንቲ ወደ ውጪ እንዲያዘቀዝቅ አድርጉ። ከዚያ አሸንዳው፦ በሜትር ግማሽ ሴንቲ ተዳፋት፣ የመውረጃው ቱቦ ጫፍ ደግሞ ግድግዳው ሥር ሳይሆን ከግድግዳው ራቅ ብሎ ያፍስስ። ግማሹ ችግር የሚፈታው እዚህ ላይ ነው፣ ዋጋውም ከልስኑ ያነሰ ነው።

አቼቶ፦
ቱንቢ ያለው ላይ ስለ ልስኑ ልጨምር። ሲሚንቶውን በትልቅ መዶሻ አትደብድቡት፤ በትንሽ መሮ ከጠርዙ እያነሳችሁ፣ ከታች አንድ ሜትር ተኩሉን ብቻ። ከላይ አጥብቆ የያዘውን ተዉት፣ ሲነቀል ድንጋዩንም ይዞ ይመጣል። ከዚያ ይድረቅ። ውፍረቱ 60 ሴንቲ የሆነ ግድግዳ በሳምንት አይደርቅም፤ ቢያንስ አንድ በጋ ራቁቱን ቢቆም ጥሩ ነው። ነጩን ጨው በደረቅ ብሩሽ እያራገፋችሁ ጥረጉት፣ በውሃ ካጠባችሁት ተመልሶ ይገባል።

መልሶ የሚለሰነው በኖራ ነው። በከረጢት የሚሸጠው ዱቄት ብዙ ጊዜ መጋዘን ውስጥ አርጅቶ ወደ ድንጋይነቱ የተመለሰ ነው። ሳትገዙ አንድ ማንኪያ ላይ አቼቶ ጠብ አድርጉበት፦ በኃይል ከፈላ ኖራው ሞቷል፣ ዝም ካለ ወይም ጥቂት ብቻ ካረፋ ደህና ነው። ያልበረደ (ገና ውሃ ያልነካው) ኖራ ካገኛችሁ በርሜል ውስጥ አብርዱት፤ ውሃው ይቅደም፣ ኖራው በጥቂት በጥቂቱ ይከተል። ውሃ ኖራ ላይ የሚያፈስ ሰው ዓይኑን ያጣል፣ መነጽርና ጓንት ግዴታ ነው። አጥልላችሁ ውሃ ከላዩ ሳይጠፋ ቢያንስ አንድ ወር፣ ቢቻል ሦስት ወር ይቀመጥ።

ልኩ 1 ኖራ በ3 ሻካራ አሸዋ። አሸዋውን ፈትሹ፦ ብርጭቆ ውስጥ 10 ሴንቲ አሸዋ፣ ውሃ፣ ትንሽ ጨው፤ ነቅንቃችሁ ሦስት ሰዓት ተዉት። ከላይ የተኛው ደለል ከግማሽ ሴንቲ ከበለጠ አሸዋው ይታጠብ። ግድግዳውን ከዋዜማው ጀምሮ አርጥቡ። የመጀመሪያው ድርብ አንድ ሴንቲ፣ ላዩ በሚስማር ይጫር፤ በእርጥብ ጆንያ ተሸፍኖ አንድ ሳምንት ሲቆይ ሁለተኛው። ቶሎ ከደረቀ ዱቄት ሆኖ ይቀራል።

ላይኛው የጭቃ ግድግዳ ደግሞ ሲሚንቶው የለቀቀበት ቦታ ካለ ጭቃውን ይፈልጋል፦ የጤፍ ጭድ ገብቶበት ሁለት ሳምንት እየተረገጠ የበሰለ ምርጊት፣ ከላዩ እንደ ወተት የቀጠነ ኖራ ሦስት አራት ጊዜ። መጀመሪያ በ30 በ30 ሴንቲ ሞክሩ፤ ከተሰነጠቀ አሸዋ ጨምሩ፣ በእጅ ሲነካ ከበነነ ሸክላማ አፈር።

ከሸዋ_በር፦
እግዜር ይስጥልኝ። ኖራው ላይ ትንሽ ሲሚንቶ ጣል ቢደረግበትስ? 1 ሲሚንቶ፣ 1 ኖራ፣ 6 አሸዋ የሚሉ አሉ።

አቼቶ፦
ለብሎኬት ግድግዳ ደህና ነው፣ ለዚህ ግን አይሆንም። ልስን ከተለጠፈበት ግድግዳ መጠንከር የለበትም፣ ያንተ ግድግዳ ደግሞ ጭቃ ነው። ድንጋዩ የተያያዘበት ጭቃ መሆኑን እርግጠኛ ካልሆናችሁ ከመጋጠሚያው ቆንጥራችሁ ውሃ ውስጥ ክተቱት፦ ከሟሟ ጭቃ፣ ካልሟሟና በሚስማር በቀላሉ ከተፋቀ ኖራ።

መሮ_እጅ፦
ቋሚዎቹን በካቻቪቴ ውጉ። እስከ ሦስት ሴንቲ ያለ ችግር ከገባ በስብሷል፤ ወደ ላይ እየወጋችሁ ጤነኛውን አግኙ፣ ከዚያም 15 ሴንቲ ጨምራችሁ ቁረጡ። አንድ ቋሚ ብቻ በአንድ ጊዜ። ሁለት ክሪክ (የመኪና ማንሻ)፣ ከሥራቸው ወፍራም ጣውላ፣ ማንሳት ደግሞ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ብቻ፤ ከዚያ ካለፈ የላዩ ምርጊት ይሰነጠቃል። ቅጥያው ሰያፍ ይሁን፣ ርዝመቱ የቋሚውን ውፍረት ሦስት እጥፍ፣ በ12 ሚሊ ሁለት ብሎን ከሮንዴላ ጋር። እግሩ መሬት እንዳይነካ፦ 20 ሴንቲ ከፍ ያለ ጠርብ ድንጋይ ላይ ይቁም። ኮንክሪት ውስጥ መቅበር የብዙ ሰው ስህተት ነው፣ ኮንክሪቱ እንደ ኩባያ ውሃ ይዞ እንጨቱን ያበሰብሰዋል።

ወረቀት_አስቀድም፦
ሁሉም ደግ ተናግሯል፣ ግን አንድ ድንጋይ ሳይነካ ወረቀቱ። በ1967 በአዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤት ሲወረስ ወር ኪራዩ እስከ 100 ብር የነበረው ወደ ቀበሌ ሄደ፤ ተከራይ በገዛ ገንዘቡ አደሰም አላደሰ ባለቤት አይሆንም። ስለዚህ ከቤቶች አስተዳደር የጽሑፍ ፈቃድ፣ ከተማ ልማት የጥገና ፈቃድ፣ ባህልና ቱሪዝም ደግሞ ቤቱ በቅርስነት መመዝገቡን ወይም አለመመዝገቡን የሚገልጽ ደብዳቤ። ከተመዘገበ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ያለ ቅርስ ባለሥልጣኑ ፈቃድ ጥገና አይሠራም። ያወጣችሁትን ገንዘብ ከወደፊት ኪራይ ለማስቀነስ ካሰባችሁ ስምምነቱ ከሥራው በፊት ይፈረም፣ በኋላ የሚሰማ የለም።

ቤቱ ሊፈርስ መሆኑን የሚያመለክተው ቀይ ቀለም ግድግዳው ላይ ከተቀባ በኋላ የሚጻፍ ማመልከቻ ደካማ ነው። አሁኑኑ በአራቱም ጎን ፎቶ፣ የፊት ገጹ በሜትር የተለካ ንድፍ፣ የበረንዳው ፍርግርግ ደግሞ ለብቻው። ጣሊያን ደሴ የገባው ሚያዝያ 1928 ነው፤ ፒያሳ ያለ ሁሉ ግን የጣሊያን አይደለም፣ ከአይጠየፍ አዳራሽ ዘመን የተረፈም አለ። ማመልከቻው ላይ የማታውቁትን ዓመት አትጻፉ፣ አሠራሩን ብቻ ግለጹ።

ቦርከና_ዳር፦
የቤቱ ጀርባ ወደ ወንዙ ከሆነ አንድ ነገር። የኋላውን አፈር የውሃ ማስወጫ በሌለው ግንብ አትያዙት። 75 ሚሊ ቱቦ በየሁለት ሜትሩ ይግባ፣ ከጀርባው ጠጠር። ማስወጫ የሌለው ግንብ በአንድ ክረምት ያብጣል። የሽንት ቤት ጉድጓድም ከግድግዳው ይራቅ፤ የታችኛውን ጨው የሚያመጣው እሱ ሊሆን ይችላል።

ቱንቢ፦
ወቅቱን ረስተን ነበር። ወሎ በልግም አለን፤ ከየካቲት በኋላ የተለጠፈ ኖራ ዝናብ ይበላዋል። ቦዩና አሸንዳው አሁን ይሠራ፣ ግድግዳው ይድረቅ፣ ልስኑ የሚቀጥለው ዓመት መስከረም ሲጠባ ይጀመር፣ የኅዳር ውርጭ ሳይመጣ።