«መንስኤ»፣ «ሰበብ» ወይስ «ጦስ»?

ጥያቄ፦ አንድ የጤና ጽሑፍ ሳርም «ቫይረስ ለኦቶኢሚዩን በሽታ መንስኤ ነው» የሚል ዐረፍተ ነገር አጋጠመኝ። የሰውነት መከላከያ የገዛ አካሉን ስለሚያጠቃበት በሽታ ሲነገር «መንስኤ» አልከበደም ወይ? «ሰበብ» ብለው ምን ይመስላችኋል?

መልስ፦ ነገሩ እንደ በሽታው ስለሚለያይ በሰፊው የተጠናውን መልቲፕል ስክሌሮሲስን ልውሰድ፤ በዚህ ሕመም የሰውነት መከላከያ የአንጎልንና የሕብለ ሰረሰርን ነርቮች ሽፋን ያጠቃል። በ2022 የታተመ፣ ከ10 ሚሊዮን በላይ የአሜሪካ ወታደሮችን መረጃ ለ20 ዓመታት የተከታተለ ጥናት፣ በኤፕስታይን-ባር ቫይረስ መያዝ ለበሽታው የመጋለጥን ዕድል 32 እጥፍ እንደሚያሳድግ አሳይቷል። ሲጀመር ቫይረሱ ካልነበረባቸው 35 ታማሚዎች 34ቱ ሕመሙ ከመጀመሩ በፊት በቫይረሱ ተይዘው ተገኝተዋል።

«ሰበብ» በአነጋገራችን ሊተካ የሚችል ነገር ነው። «ያቺ ጉንፋን ሰበብ ሆነችበት» ስንል፣ ጉንፋኗ ባትመጣ ሌላ ነገር ያንኑ ባደረሰበት ነበር ማለታችን ነው፤ እዚህ ግን ቫይረሱን የሚተካ ሌላ ነገር አልታየም። «መንስኤ» ከግእዙ «ተንሥአ» ሥር የወጣ የ«ትንሣኤ» ዘመድ ነው፤ የሚያስነሣ ማለት እንጂ ብቻውን ከዳር የሚያደርስ ማለት አይደለም። ከ10 አዋቂዎች 9 ያህሉ ይህን ቫይረስ ተሸክመው እየኖሩ የሚታመሙት እጅግ ጥቂቶች ስለሆኑና የዘር ውርስም ድርሻ ስላለው፣ እኔ «ከመንስኤዎቹ አንዱ» ብዬ አርመው ነበር።

የሕመሙን አካሄድ ለማስረዳት ግን «ጦስ» የሚያህል ቃል አላገኘሁም። በዚያው ዓመት የወጣ ሌላ ጥናት፣ ከታማሚዎች የተገኘ ፀረ እንግዳ አካል የቫይረሱን አንድ ፕሮቲን ሲያጠቃ፣ ከዚያ ጋር የሚመሳሰለውን ግሊያልካም የተባለ የነርቭ ሥርዓት ፕሮቲንም አብሮ እንደሚይዝ አሳይቷል። «በወንድሙ ጦስ ታሰረ» እንደምንለው ነው፤ ጥፋቱ የሌላ፣ ቅጣቱ መልኩ በመመሳሰሉ ብቻ በተጠረጠረው ላይ።

ጥያቄ፦ ጽሑፉ 1ኛውን ዓይነት የስኳር በሽታም ከኮክሳኪ ቢ ቫይረስ ጋር ያነሣል። እዚያስ?

መልስ፦ እዚያ «መንስኤ» አይጻፍ። ማስረጃው የመልቲፕል ስክሌሮሲስን ያህል ስላልጠነከረ «ይጠረጠራል» የሚለው ግሥ ይበቃል።