ዘይቱ ከየት ነው የሚመጣው? እባካችሁ አግዙኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ለመካኒኮችና ከአሮጌ ሃይሉክስ ጋር ለኖራችሁ ነው።

መኪናዬ በፈረንጆች የ1996 ነጠላ ጋቢና ሃይሉክስ ናት። ሞተሯ 3ኤል፣ 2.8 ሊትር ናፍጣ። ዘይት ማፍሰስ ከጀመረች ሦስት ወር ሆናት። ማታ ካርቶን አነጥፍላታለሁ፤ ጠዋት የጀበና ማቶት የሚያህል ጥቁር ክብ ሠርታ ትጠብቀኛለች። በ1,000 ኪሎ ሜትር አንድ ሊትር ገደማ እጨምራለሁ። የሚንጠባጠበው ሞተሩና ካምቢዮው ከሚገናኙበት ሥር ነው።

አንዱ መካኒክ ጎንበስ እንኳ ሳይል "የኋላ ኦይል ሲል ነው፣ ካምቢዮ ይውረድ" አለኝ፤ ከሞተሩ ኋላ ዘይት እንዳይወጣ የሚያግደውን ቀለበት ማለቱ ነው። ሌላው ከሞተሩ አናት ያለውን የቫልቭ ክዳን ጋስኬት ቀየረና ሲሊኮን እንደ ቅቤ ለቀለቀበት። ሁለት ቀን ቆመ፣ በሦስተኛው ያው ሆነ።

ቅዳሜ ራሴ ሞተሩን በናፍጣና በብሩሽ አጠብኩት። አድርቄ ሃያ ደቂቃ ነዳሁና በባትሪ አየሁ። የቫልቭ ክዳኑ ዙሪያ ደረቅ ነው። ከዲናሞው ጀርባ ያለው የፍሬን ቫክዩም ፓምፕ (አየር ስቦ ፍሬኑን የሚያቀለው) ግን ርሷል። ዘይት የሚወስድለት የጎማ ቱቦም ጫፉ ላይ ተሰነጣጥቋል። ስጠርገው መልሶ ያልበዋል።

ስሄድ ነፋሱ ዘይቱን ወደ ኋላ እየገፋው ይሆን? የዘይት መሙያውን ክዳን ስከፍት ደግሞ ትንሽ ጭስ ይተነፍሳል። ሞተሩ ውስጥ ግፊት በዝቶ ኦይል ሲሉን እያስለቀሰው ከሆነስ?

ካምቢዮ ማውረድ ለኪሴ ቀልድ አይደለም። መጀመሪያ ጎማውን ብቻ ቀይሬ ልየው? የውሃ ጎማ ዘይት ሲነካው ያብጣል፤ ትኩስ ዘይት የሚችለውን ስገዛ ምን ብዬ ልጠይቅ?