አባታችን ጭንቅላታቸውን ከተመቱ ወዲህ ጠባያቸው ተቀየረ፤ ወዴት እንውሰዳቸው?

ሰላም ለሁላችሁ፣ ከባሕር ዳር ነው የምጽፈው። አባታችን ከ70 ዓመት በላይ ናቸው። ክረምቱ ሲገባ ከጣና ዳር ሲመለሱ ባጃጅ ገጭቷቸው በጭንቅላታቸው ወደቁ። ቁስሉ ተሰፋ፤ በራጅ ታይተው አጥንታቸው ደህና ነው ተባልን።

ከሳምንታት በኋላ ግን ሌላ ሰው ሆኑ። ክፉ ቃል ከአፋቸው የማይወጣ ሰው እናታችንን ይሳደባሉ። ለቅሶ ቤት ተቀምጠው ሳቁ። ቀን ሙሉ ይተኛሉ፣ ራሴን አመመኝ ይላሉ፣ አሁን ደግሞ ግራ እግራቸውን መጎተት ጀምረዋል።

አጎቶቼ ጠበል ይግቡ ይላሉ። እኔም በጠበሉ አምናለሁ፤ የሚያስፈራኝ እግራቸው ነው። ጎረቤታችን የጤና መኮንን እንዳስረዳኝ፣ በዕድሜ አንጎል መጠኑ ሲቀንስ በላዩ ያሉት ደም ሥሮች ይወጠራሉ፤ ከተመቱ ተበጥሰው ደም ቀስ በቀስ ይጠራቀማል። ምልክቱ ከ3 ሳምንት በኋላም ሊመጣ ይችላል። ራጅ ይህን ደም አያሳይም፤ ሲቲ ስካን ያስፈልጋል። ደሙ በቀዶ ሕክምና ከወጣ ጠባያቸውም ሊስተካከል ይችላል አለኝ። ለልባቸው የሚወስዱት አስፕሪንም መድማቱን ሊያባብስ ስለሚችል ለሐኪሙ ንገሩ ብሎኛል።

እባካችሁ፣ ይህ የደረሰበት ወይም ሐኪም የሆነ ካለ ይንገረኝ። ጥበበ ግዮን ወይስ ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ብንሄድ ነው የአንጎል ቀዶ ሐኪም በቶሎ የምናገኘው? አጎቴ ያመጣላቸው የእንቅልፍ ኪኒን መባባሳቸውን ይሸፍንብን ይሆን? አጎቶቼንስ ሳላስቀይም፣ መጀመሪያ ሐኪም ቤት እንሂድ ብዬ እንዴት ላሳምናቸው? ነገ ጠዋት ወደ ጠበል ሊወስዷቸው ነውና ዛሬውኑ መልሱልኝ።