ለዝናባማና ነፋሻማ ኮረብታ የሚሆን ቀላል ጓዝ፦ ከምኑ ልቀንስ?

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ። ከአንድ ወር በኋላ ብቻዬን የ5 ቀን የእግር ጉዞ ልሄድ ነው። ቦታው ክፍት ኮረብታ ነው፤ የሚከልል ዛፍ የለም። ዝናቡ ከላይ ሳይሆን ከጎን ነው የሚመታው። ነፋሱም አያባራም። ሌሊት ሙቀቱ ወደ 3 ወይም 4 ዲግሪ ይወርዳል።

ባለፈው ጊዜ ምግብና ውሃ ሳይቆጠር 14 ኪሎ ተሸክሜ ሄድኩ። በሦስተኛው ቀን ጉልበቴ እምቢ አለኝ። አሁን ወደ 8 ኪሎ ማውረድ እፈልጋለሁ። ግን ስለ ቀላል ጓዝ የማነበው ሁሉ ለደረቅና ለፀሐያማ አገር የተጻፈ ይመስላል። በእርጥበትና በነፋስ የሞከራችሁትን ንገሩኝ።

ያለኝ ይሄ ነው፦ ድንኳን 2.9 ኪሎ፣ የላባ ስሊፒንግ ባግ 1.3 ኪሎ፣ ባለ 70 ሊትር ቦርሳ 2.4 ኪሎ፣ የመኝታ ፍራሽ 900 ግራም። ከዚያ ልብስ፣ ማብሰያ፣ ሌላ ሌላውም አለ። ሦስት ነገር ግራ ገብቶኛል። ድንኳኑን በሸራ (ወለልና በር በሌለው፣ በገመድ በሚወጠር ጣሪያ ብቻ) ልለውጠው? ላባውን ትቼ ሲንቴቲክ (ሰው ሠራሽ ሙሌት ያለው) ልግዛ? የዝናብ ጃኬት ላይ የሚጻፈው 10,000 እና 20,000 ምን ማለት ነው?

መልስ 1

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ሒሳቡን እንየው። የጻፍካቸው አራት ዕቃዎች ሲደመሩ 7.5 ኪሎ ናቸው። የቀረው 6.5 ኪሎ የታለ? «ሌላ ሌላውም» ብለህ አለፍከው። ከባዱ ሸክም እኮ እዚያ ውስጥ ነው። የኩሽና ሚዛን ፈልግና አንድ በአንድ መዝን። ካልሲውንም፣ ቻርጀሩንም፣ የሳሙናውን ዕቃም። ባለፈው ጉዞ ያልነካኸውን ሁሉ ለብቻ አስቀምጥ። ከመጀመሪያ ዕርዳታ፣ ከካርታና ኮምፓስ፣ ከግንባር ባትሪና ከፊሽካ በቀር ያልነካኸው ነገር ቤት ይቅር። ለዚህ አምስት ሳንቲም አታወጣም።

ወደ ድንኳኑ ስመጣ፣ በክፍት ኮረብታ ላይ ሸራ አልመክርህም። የነፋስ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ነው የሚሆነው። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ሲነፍስ ዝም ብሎ የቆመ ድንኳን 60 ሲደርስ ምሰሶው የሚጎብጠው ለዚህ ነው። አንተ የምትፈልገው ቁመቱ ዝቅ ያለ፣ የውጭ ልባሱ እስከ መሬት የሚወርድ፣ አውታር የሚታሰርባቸው ቦታዎች የበዙ ድንኳን ነው። ለአንድ ሰው ከ1.2 እስከ 1.6 ኪሎ የሚመዝኑ ጠንካሮች አሉ።

አንድ ነገር ደግሞ አትርሳ። የውጭ ልባሱ ቀድሞ ወይም ከውስጡ ጋር አብሮ የሚተከል ይሁን። ውስጡ ቀድሞ የሚተከል ከሆነ ዝናብ ላይ ስትታገል መኝታህ ረጥቦ ይጠብቅሃል። ይሄ ሁለት መቶ ግራም ከመቀነስ ይበልጣል።

መልስ 2

እኔ የሸራ ሰው ነበርኩ። 450 ግራም ብቻ ነበር የሚመዝነው፤ በጣም እወደው ነበር። ዛፍ ባለበት አሁንም እወደዋለሁ። ግን መልስ 1 ያለው ትክክል ነው፤ እንዴት እንደተማርኩት ልንገርህ።

ክፍት ኮረብታ ላይ ሸራውን ዝቅ አድርጌ፣ ጀርባውን ለነፋሱ ሰጥቼ ተኛሁ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ነፋሱ አቅጣጫ ቀየረ። ዝናቡ በእግሬ በኩል ገባ። ስነቃ የላባ ባጌ እስከ ጉልበቴ ድረስ ረጥቦ እንደ ጨርቅ ተልፈስፍሷል። ጥርሴ እየተንቀጫቀጨ ጓዜን ሰብስቤ በጨለማ ሁለት ሰዓት ቁልቁል ሄድኩ። ሸራ ነፋስ ከአንድ ወገን ብቻ ሲመጣ ነው የሚያዋጣው። ኮረብታ ላይ ደግሞ ነፋስ ቃሉን አይጠብቅም።

ከዚያ ወዲህ በመራመጃ ዱላ የሚቆም ባለ አንድ ምሰሶ ድንኳን ነው የምጠቀመው። አራቱም ጎኑ ያዘነበለ ስለሆነ ነፋሱ ከየትም ቢመጣ ተንሸራቶ ያልፋል። ውስጡንም ጨምሮ 1 ኪሎ ከ100 ነው። ዱላውን ለመራመድም ስለምይዘው ምሰሶ ለብቻ አልሸከምም። አንድ ድክመት አለው፤ ዱላህ ከተሰበረ ቤትህም ተሰበረ። ስለዚህ ሁለት ዱላ ያዝ።

ጨርቁን በተመለከተ፣ ሲሊኮን የተቀባ ናይሎን ሲረጥብ ይለጠጣል። ማታ ወጥረኸው የተኛኸው ሌሊት ይረግባል፤ ከመተኛትህ በፊት አንድ ጊዜ ወጥተህ አውታሩን ማጥበቅ አለብህ። ፖሊስተር በዚህ ይሻላል፤ ብዙም አይለጠጥም።

ከዕቃው በላይ ደግሞ ቦታው ነው። ጫፍ ላይ አትትከል። በሁለት ኮረብታ መካከል ባለው ዝቅታም አትትከል፤ ነፋሱ እዚያ ተጠቦ ነው የሚያልፈው። ውሃ የሚቋጥር ጎድጓዳም ይቅርብህ። ከጉብታ ጀርባ ትንሽ ተዳፋት ካገኘህ፣ ጊዜው ገና ቢሆንም እዚያው እደር።

መልስ 3

እኔ ስለ ልብስ ላውራ፤ ሰው ስለ ድንኳን ሲጨነቅ ቀኑን ሙሉ የሚኖርበትን ቤት ይረሳዋል። ያ ቤት ጃኬትህ ነው።

የጠየቅከው ቁጥር የውሃ ግፊት መለኪያ ነው። 10,000 ሲል ጨርቁ ላይ 10,000 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም የ10 ሜትር ቁመት ያለው ውሃ ቢቆምበት ነው ማስተላለፍ የሚጀምረው ማለት ነው። ለድንኳን ልባስ 1,500 ወይም 2,000 ይበቃል፤ ዝናብ ብቻውን ያን ያህል አይገፋም። ጃኬት ላይ ግን የቦርሳ ማንገቻ ትከሻህን ይጫናል፣ ነፋሱም ጠብታውን ይወረውረዋል። ስለዚህ ለጃኬት ከ10,000 አትውረድ። 20,000 ካገኘህ ጥሩ ነው፤ ከዚያ በላይ ላለው ግን ብዙ አትክፈል። ሁለተኛ ቁጥር ካለ ላብህን ምን ያህል እንደሚያስወጣ የሚነግር ነው።

እንደኔ ከቁጥሩ ይልቅ ቆቡን እይ። ነፋሻማ ቦታ ላይ ጃኬት የሚወድቀው በቆቡ ነው። ግንባሩ ላይ ጠንካራ ጠርዝ ያለው፣ ከኋላና ከጎን የሚጠብቅ፣ ጭንቅላትህን ስታዞር አብሮህ የሚዞር ይሁን። ሱቅ ውስጥ ለብሰህ ግራና ቀኝ ተመልከት። አንድ ዓይንህ ቆቡ ውስጥ ከተደበቀ ተወው። በጣም ስስ የሆኑት 150 ግራም ጃኬቶች ለድንገተኛ ዝናብ ናቸው። ለአምስት ቀን የጎን ዝናብ ከ300 እስከ 400 ግራም የሚመዝነውን ያዝ። የዝናብ ሱሪም እንዳትረሳ። ፖንቾና ጃንጥላ ለእንዲህ ያለ ቦታ አይሆኑም፤ ነፋሱ አንዱን ፊትህ ላይ ይጠቀልለዋል፣ ሌላውን ይገለብጠዋል።

ከውስጥ ጥጥ አትልበስ። ጥጥ ውሃ ይጠጣና አይለቅም። ስስ ሱፍ ወይም ፖሊስተር፣ ከላዩ ቀጭን ፍሊስ (ለስላሳ ሰው ሠራሽ ሹራብ)፣ ከዚያ ጃኬቱ። ስትቆም ብቻ የምትደርበው ባለ ሲንቴቲክ ሙሌት ጃኬት ጨምርበት። አቀበት ላይ ፍሊሱን አውልቅ። ከውስጥ በላብ የረጠበም ከውጭ በዝናብ እንደረጠበ ነው።

ነፋሱን ደግሞ አትናቀው። ሙቀቱ 5 ዲግሪ ሆኖ ነፋሱ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ከሆነ፣ የተጋለጠ ቆዳህ ላይ የሚሰማህ ከዜሮ በታች 1 ዲግሪ ያህል ነው። ጓንትና ኮፍያ በክብደት ምክንያት አይቀነሱም።

ጠያቂው

እጅግ አመሰግናለሁ። ዛሬ ማታ ሁሉንም መዘንኩ። መልስ 1 እውነትህን ነው፤ ሁለት ጂንስ፣ አራት የጥጥ ሹራብ፣ ሁለት ድስት ከነክዳናቸው ይዤ ነበር የሄድኩት። እነሱ ብቻ 4 ኪሎ ሊሞሉ ምንም አልቀራቸውም። ድንኳኑን በዱላ በሚቆም እለውጣለሁ። የላባውን ባግ ግን ገና አልወሰንኩም። ቦርሳዬን የሚሸፍን የዝናብ ልባስ አለኝ፤ እሱ አይበቃውም? ውሃ የማያስገባ ቡትስም ልገዛ ነው።

መልስ 4

ልጄ፣ በዕድሜ ስለምበልጥህ እንዲህ ብዬ ልጥራህ። በዝናብ ብዙ ተራምጃለሁ፤ አንድ ጊዜም ከብርድ ለጥቂት ነው የተረፍኩት።

የቦርሳ ልባሱን ተወው። ነፋስ ይነጥቀዋል፤ ካልነጠቀውም ዝናቡ በጀርባህ በኩል ወርዶ ከታች ይጠራቀማል። ቦርሳው ይርጠብ፤ ዋናው ውስጡ ነው። አንድ ትልቅ ወፍራም ላስቲክ ቦርሳው ውስጥ ዘርጋ፣ ዕቃህን እዚያ ጨምር፣ አፉን ጠምዝዘህ እሰር። ስሊፒንግ ባጉንና የሌሊት ልብስህን ደግሞ አፉ በሚጠቀለል ውሃ የማያስገባ ከረጢት ለብቻ አድርግ። እንዲህ ካደረግህ የላባ ባግህን መለወጥ አያስፈልግህም። ላባ ሲረጥብ ይሟሽሽና ሙቀቱን ያጣል፤ ሲንቴቲክ ረጥቦም በመጠኑ ያሞቃል፣ ግን ለዚያው ሙቀት ይከብዳል። ለአምስት ቀን ላባን ደረቅ አድርጎ መጠበቅ ይቻላል። ለሦስት ሳምንት ያለማቋረጥ ቢሆን ሲንቴቲክ እልህ ነበር።

ባጉ ላይ የተጻፈውን ዲግሪ ስታይ የምቾቱን ቁጥር ተመልከት። ወሰኑን አትይ፤ እሱ ተኮራምተህ የምታድርበት ነው።

የሌሊት ልብስ ያልኩህ አንድ ካናቴራ፣ አንድ ረጅም የውስጥ ሱሪና አንድ ጥንድ ካልሲ ነው። እነዚህ ከመኝታ ውጭ አይለበሱም። ጠዋት እርጥቡን ልብስ መልሰህ ትለብሳለህ። ያስጠላል፤ አሥር ደቂቃ ከሄድክ በኋላ ግን ይሞቅሃል። ደረቁን ለብሰህ ከወጣህ ግን ማታ ሁለቱም እርጥብ ይሆንብሃል።

እኔን ያገኘኝ ይሄ ነበር። ደረቄን ጠዋት ለበስኩ፤ እስከ ቀትር ሁሉም ረጠበ። መንቀጥቀጥ ጀመርኩ። ከዚያ ጣቶቼ ዚፕ መዝጋት አቃታቸው። አብሮኝ የነበረው ጓደኛዬ ንግግሬ መንተባተቡን ሰምቶ በግድ አስቆመኝና ድንኳን ውስጥ ከተተኝ። እኔ ግን ደህና የሆንኩ ይመስለኝ ነበር። ውሃ ከአየር 25 ጊዜ ያህል በበለጠ ሙቀት ያስተላልፋል። አንተ ብቻህን ነው የምትሄደው። ጣትህ ዚፕ ካቃተው ጉዞውን አቁም፤ ድንኳን ትከል፣ ደረቁን ልበስ፣ የሚበላ ብላ። የምታድርበትንና የምትመለስበትን ቀንም ለሰው ንገር።

ቡትሱን በተመለከተ፣ ለእንዲህ ያለ አገር ውሃ የማያስገባው ጫማ ውሃ የማያስወጣም ይሆናል። ውሃው በቁርጭምጭሚትህ በኩል ከላይ ይገባና እዚያው ይቀራል። እኔ መረብ ያለው፣ ሶሉ ጥርስ ያለው ቀላል ጫማ ነው የማደርገው። ይረጥባል፣ ግን እየሄድክ ይጨመቃል። ከሱፍ ካልሲ ጋር እግር ይሞቃል። ማታ እግርህን አድርቀህ ቅባት ቀባው።

መልስ 5

ስለ ማብሰያ አጭር ነገር ልጨምር። አንድ ባለ 700 ሚሊ ሊትር ድስትና ትንሽ የጋዝ ምድጃ ለአንድ ሰው ይበቃል። ነፋስ እሳቱን ስለሚበትነው ጋዙ ቶሎ ያልቃል። ግን ምድጃው በጋዙ ጋን (ቆርቆሮ) አናት ላይ የሚገጠም ከሆነ ዙሪያውን በብረት አትክበበው፤ ጋኑ ይግላል፣ አደገኛ ነው። በቦርሳህ ወይም በድንጋይ ከነፋሱ በኩል ብቻ ከልለው። ድንኳን ዘግተህ ውስጥ አታብስል፤ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ይገድላል።

መልስ 1

ስለ ካስማ ሳልናገር ቀረሁ። ከድንኳን ጋር የሚመጡት ቀጫጭን ካስማዎች በረጠበ መሬት ይነቀላሉ። ነፋሱ በሚመታው ጎን ቢያንስ አራት ረጃጅምና ሰፋ ያሉ ካስማዎች ይኑሩህ። 60 ግራም ነው የሚጨምሩት። የዚያን ሌሊት እንቅልፍህ በእነሱ ላይ ነው።

ጠያቂው

ውጤቱን ላሳውቃችሁ። መልስ 4፣ አባቴ፣ ምክርዎ ልቤ ውስጥ ገብቷል፤ የምመለስበትን ቀን ለወንድሜ እነግረዋለሁ።

ድንኳን ከካስማው ጋር 1.5፣ ያው የላባ ባግ 1.3፣ ባለ 45 ሊትር ቦርሳ 1.1፣ የስፖንጅ ፍራሽ 450 ግራም። ጃኬትና የዝናብ ሱሪ 650 ግራም፣ በቦርሳ የሚያዝ ልብስ 1.4፣ ማብሰያ 450 ግራም፣ ሌላው በሙሉ 1.3። ድምሩ 8 ኪሎ ከ150 ግራም።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። አሮጌው የዝናብ ጃኬቴ 380 ግራም ነው፣ ቆቡም ጥሩ ነው። ግን ላዩ ውሃ መጠጣት ጀምሯል። አዲስ ልግዛ?

መልስ 1

ስፖንጅ ፍራሽ ቀላል ነው፣ አይበሳም። ግን አብዛኛው ስፖንጅ የመሬት ቅዝቃዜን የመከላከያ ቁጥሩ (R የሚባለው) 2 አካባቢ ነው፤ ለ3 ዲግሪ ሌሊትና ለእርጥብ መሬት 3 እና ከዚያ በላይ ይሻላል። ወይ በአየር የሚነፋ ቀላል ፍራሽ ፈልግ፣ ወይ ባዶውን ቦርሳህን ከእግርህ በታች አንጥፈህ ተኛ።

መልስ 3

አትግዛ፣ ቆይ። ላዩ ላይ ያለው ውሃ የሚያንሸራትት ቅብ ስለለቀቀ ነው። ከውስጥ ያለው ሽፋን ደህና ሊሆን ይችላል። ለዝናብ ልብስ በተሠራ ሳሙና እጠበው፤ ተራው የዱቄት ሳሙናና ማለስለሻ ቅብን ይገድላሉ። በደንብ አለቅልቀው። ከዚያ ምልክቱ ከፈቀደ በትንሽ ሙቀት ማድረቂያ ውስጥ አድርቀው፤ ሙቀቱ ቅቡን ያነቃዋል። ከዚያ ውሃ ጠብ አድርግበት። ጠብታው ክብ ሆኖ ከተንከባለለ ጨርሰሃል። አሁንም ከጠጣ የሚረጨውን ቅብ ገዝተህ ቀባው። ስፌቱን ደግሞ ገልብጠህ እይ። ከውስጥ የተለጠፈው ፕላስተር መላላጥ ከጀመረ፣ ያኔ ነው አዲስ የምትገዛው።

ጠያቂው

ገለበጥኩት። ስፌቱ ደህና ነው። ነገ አጥበዋለሁ።